አይዳ፦ ካይሮ ላይ የተፈጠረችው ኢትዮጵያዊት ልዕልትና ከሚሲሲፒ የመጣው ድምፅ



አይዳ የምትባል ጓደኛ፣ የክፍል ልጅ ወይም አክስት የሌለው ሰው አለ? ብዙ ያለ አይመስለንም። እዚህ ዓለም ጤናም ሆነ አዳማ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ «አይዳ!» ብላችሁ ብትጣሩ ዞር የምትል አታጡም።

አንዲት አይዳ ግን ለየት ትላለች። የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ከ150 ዓመት በላይ ከሚላን እስከ ኒው ዮርክ በትልልቅ መድረኮች ላይ እየወጣች ስለ አገሯ ትዘፍናለች። የምትዘፍነው በአማርኛም በኦሮምኛም ሳይሆን በጣሊያንኛ ነው። ሙዚቃዋን የደረሰው ጣሊያናዊ፣ ከፍሎ ያሠራት ደግሞ የግብፅ ገዢ ነው። እና ዓለም ላይ በጣም ዝነኛ ካደረጓት ሴቶች አንዷ የሚሲሲፒ ገጠር ከተማ ልጅ ናት።

አዎ፣ ዛሬ የምናወራው ስለ ኦፔራ ነው። ወደ ሌላ ቪዲዮ ልታልፉ ጣታችሁን ያነሳችሁ ትንሽ ታገሱን። ታሪኩ ውስጥ ጉንደት አለ፣ ጉራ አለ፣ አፄ ዮሐንስ አሉ። ደግሞ «ይህን ሥራ እንዲህ ሆኜ አልገባም» ብላ ትልቅ ዕድል የመለሰች ሴት አለች። (ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አይዳ ማን ናት?

ኦፔራ በአጭሩ ንግግሩ የሚዘፈን ቲያትር ነው። «አይዳ» ጁሴፔ ቨርዲ የደረሰው ኦፔራ ነው። ታሪኩ በጥንታዊት ግብፅ በፈርዖኖች ዘመን ይሆናል። አይዳ በጦርነት ተማርካ ግብፅ ውስጥ ባሪያ ሆናለች፤ የምታገለግለው የፈርዖንን ልጅ አምኔሪስን ነው። ንጉሥ ልጅ መሆኗን የሚያውቅ የለም። ችግሩ ራዳሜስ የሚባል የግብፅ ጦር መሪ ትወዳለች፣ እሱም ይወዳታል፣ እመቤቷ አምኔሪስም ይህንኑ ሰው ትፈልገዋለች። ይባስ ብሎ ራዳሜስ ኢትዮጵያን እንዲወጋ ይሾማል። አይዳ ለማን ትጸልይ? ለፍቅረኛዋ ወይስ ለአባቷ?

ራዳሜስ ያሸንፋል። ከምርኮኞቹ መሃል የአይዳ አባት ንጉሥ አሞናስሮ ማንነቱን ደብቆ ይመጣል። (አሞናስሮ የሚባል ንጉሥ በታሪካችን አትፈልጉ፣ የለም።) ከዚያ አባይ ዳር በጨረቃ ሌሊት አባት ልጁን ይይዛታል፤ የግብፅ ጦር በየት በኩል እንደሚያልፍ ከፍቅረኛሽ አውጪልኝ ይላታል። እምቢ ስትለው አገርሽን ከዳሽ፣ ልጄ አይደለሽም ይላታል። ታወጣለች። ራዳሜስ ምስጢር በማውጣት ተፈርዶበት ከነሕይወቱ መቃብር ውስጥ ሲዘጋበት አይዳ ቀድማ እዚያ ጨለማ ውስጥ ተደብቃ ትጠብቀዋለች። አብረው ይሞታሉ።

እንግዲህ ታሪኩ ይሄ ነው። የመድረኩን ጀርባ ስታዩት ግን ታሪኩ ይብሳል።

ያሠራት ሰው

በ1869 የስዊዝ ቦይ ተከፈተ። በዚያው ዓመት የግብፅ ገዢ የነበረው ኬዲቭ እስማኤል ካይሮ ውስጥ የኦፔራ ቤት አሠራ። ብዙ ቦታ «አይዳ ለቦዩ ምርቃት የተሠራች ናት» የሚል ታነባላችሁ፤ ስህተት ነው። የኦፔራ ቤቱ የተከፈተው «ሪጎሌቶ» በተባለ የቨርዲ ቆየት ያለ ሥራ ነው። ኬዲቩ ግን አገሩን አውሮፓ ፊት ትልቅ የሚያደርግ፣ ስለ ግብፅ የሚናገር የራሱን ኦፔራ ፈለገ። የታሪኩን ንድፍ ኦጉስት ማሪዬት የሚባል ፈረንሳዊ የግብፅ ቅርስ ተመራማሪ አወጣ፤ ቨርዲ በ150,000 ፍራንክ ተዋዋለ። ልብሱና የመድረኩ ዕቃ ፓሪስ እየተሠራ ሳለ የፕሩሲያ ጦር ከተማዋን ከበባትና ሁሉ ነገር እዚያ ተቀርቅሮ ቀረ። ስለዚህ ዘገየ። በመጨረሻ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ካይሮ ላይ ታየ። ቨርዲ ራሱ አልሄደም፤ እሱ የሚያስበው ሁለት ወር ሳይሞላ ሚላን ላ ስካላ ለሚታየው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጥራ። በኦፔራው ውስጥ «ኢትዮጵያ» የተባለችው ግሪኮች ከግብፅ በታች ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ በሚጠሩበት ስም ነው። ታሪኩ ውስጥ የተጠራችው ናፓታ ዛሬ ሱዳን ውስጥ ናት፣ የኩሽ መንግሥት ከተማ ነበረች። ስለዚህ በጥብቅ ካየነው አይዳ ከደጋ አልመጣችም። ግን በ1870ዎቹ አንድ አውሮፓዊ ወይም አንድ የግብፅ ሹም «ኢትዮጵያ» ሲባል ዝም ብሎ ጥንት ብቻ አይታየውም። እንግሊዞች መቅደላ የዘመቱት በ1868 ነው፣ ገና ትኩስ ወሬ ነበር። ኬዲቩም ዓይኑ ወደ ደቡብ ነበር።

መድረክ ላይ ግብፅ ኢትዮጵያን ታሸንፋለች፣ ከኦፔራዎች ሁሉ እጅግ የታወቀው የድል ሰልፍም ይታያል፤ መለከቱን ምናልባት ስታዲየም ውስጥ ሲነፋ ሰምታችሁት ይሆናል። አራት ዓመት ሳይሞላ ያው ኬዲቭ ነገሩን በእውን ሞከረው። በኖቬምበር 1875 አሬንድሩፕ በሚባል ዴንማርካዊ የሚመራ ጦሩ ጉንደት ላይ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጦር ተደመሰሰ፣ አሬንድሩፕም እዚያው ቀረ። በዚያው ወር በአፋር በኩል ወደ አውሳ የገባው ስዊዘርላንዳዊው ሙንዚንገርም ተገደለ። በማርች 1876 ከፊተኛው በጣም የበለጠ ጦር መጣ፣ ጉራ ላይ እሱም ተመታ። ኬዲቩ የያዛት ሐረርን ነው፤ ከ1875 እስከ 1885 በግብፅ እጅ ቆየች። መድረክ ላይ ያለው የድል ሰልፍ ግን ሳይደረግ ቀረ።

ከጉራው ጦር ጋር አንድ ሰው እናስተዋውቃችሁ። የኢታማዦር ሹሙ ዊሊያም ሎሪንግ ይባላል፣ አሜሪካዊ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነት እንዳይነካ ለተዋጋው የደቡብ ጦር ጄኔራል ነበር፤ በ1863 ሚሲሲፒ ውስጥ ተዋግቷል። ሲሸነፉ ሥራ ፍለጋ ለኬዲቩ ተቀጠረ። ሚሲሲፒ የምትለዋን ቃል ያዙልን፣ እንመለስባታለን።

ይህን ዘፈን ምን ዓይነት ጉሮሮ ይችለዋል?

አሁን ወደ ድምፁ። ስለ ኦፔራ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን አስታውሱ፦ ማይክ የለም። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ወደ 3,800 ወንበር አለው። ከዘፋኟ ፊት ያለው ኦርኬስትራ ሰባ ሰማንያ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ከኋላዋ መዘምራን አሉ። በዚያ ሁሉ ላይ የአንዲት ሴት ድምፅ የመጨረሻው ፎቅ ድረስ መድረስ አለበት።

በጩኸት አይሆንም። ከሞጆ ወደ መቂ በሚወስደው አስፋልት ዳር ቀኑን ሙሉ «ዝዋይ፣ ሻሸመኔ፣ ሐዋሳ» ሲል የሚውል ረዳት ማታ ድምፁ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። በሰርግ ላይ ያለ ማይክ ጌራርሳ የሚያወርድ ሽማግሌ ግን ሳይጮህ ግቢውን ሁሉ ይሞላዋል። ልዩነቱ ድምፁ የሚያስተጋባበት ቦታ ነው። ኦፔራ ዘፋኞች ጉሮሯቸውን፣ አፋቸውንና ምላሳቸውን እያስተካከሉ የውስጣቸውን ባዶ ቦታ ከሚዘፍኑት ቃና ጋር ያስማሙታል፤ ያኔ ሰውነታቸው ራሱ እንደ ክራር ሳጥን ሆኖ ድምፁን ያጎላዋል። ትንፋሹን የሚይዘው የሆድና የጎድን ጡንቻ ነው። ይሄ በአንድ ዓመት አይማሩትም።

ከሴት ድምፆች ከፍተኛው ሶፕራኖ ይባላል። ሶፕራኖ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። እንደ ወፍ ቀልጠፍ የምትል ቀላል ድምፅ አለች፣ ለስላሳና ዜማ የምታስረዝም አለች። በዚያኛው ጫፍ ያለችው ድራማቲክ ሶፕራኖ ናት፦ ወፍራም፣ ጠንካራ፣ ከመለከትና ከከበሮ ጋር ተጋጥማ የማትዋጥ። ስዊድናዊቷ ቢርጊት ኒልሰን የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነበረች። የገበሬ ልጅ ናት፣ እርሻ ላይ ሠርታለች፣ በኋላ አራትና አምስት ሰዓት የሚፈጁትን የዋግነር ኦፔራዎች ስትዘፍን ድምፅዋ አይበገርም ነበር። ለኢዞልዴ ገጸ ባሕርይ ምን ያስፈልጋል ሲሏት ምቹ ጫማ ብላ ትቀልድ ነበር ይባላል።

በሁለቱ መሃል ስፒንቶ የሚሉት አለ፦ ለስላሳ ድምፅ ሆኖ ሲያስፈልግ ወደ ድራማቲክ መግፋት የሚችል። አይዳን ድራማቲክም ስፒንቶም ይዘፍኗታል፣ ኒልሰንም ዘፍናታለች። ከባዱ ቦታ ሦስተኛው ክፍል ላይ ነው። አይዳ አባይ ዳር ብቻዋን ቆማ አገሬን ዳግመኛ አላያትም ብላ የምታንጎራጉርበት «ኦ ፓትሪያ ሚያ» የሚባል ዘፈን አለ፤ «አገሬ ሆይ» እንደ ማለት ነው። እሱ ውስጥ አንድ በጣም ከፍ ያለ ቃና አለ። ጠላት ላይ እንደሚጮህ ሰው ብትወጪው አይሆንም፤ በናፍቆት፣ ቀስ ብለሽ፣ ሳይሰበር መውጣት አለበት። የስንት ዘፋኝ ስም የተነሳው የወደቀውም በዚያች ቃና ነው።

የሎሬል ልጅ

አሁን ወደ ሚሲሲፒ። ሊዮንቲን ፕራይስ ፌብሯሪ 10 ቀን 1927 ሎሬል በምትባል ከተማ ተወለደች። አባቷ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ የሚሠራ፣ እናቷ አዋላጅ ነበሩ። እናትየዋ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ይዘምሩ ነበር። ያኔ በሚሲሲፒ ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት አይማርም። በዘጠኝ ዓመቷ እናቷ ጃክሰን ከተማ ወስደው የማሪያን አንደርሰንን ኮንሰርት አሳዩአት፤ ረጅም ቀሚስ ለብሳ መድረክ ላይ የቆመች ጥቁር ሴት። በኋላ ላይ ሁሉም ነገር የጀመረው ከዚያ ቀን መሆኑን ደጋግማ ተናግራለች።

የሄደችው ግን የሙዚቃ አስተማሪ ልትሆን ነው፣ ያ ነበር ደሞዝ የሚያስገኘው። ኦሃዮ ኮሌጅ ውስጥ ድምፅዋን የሰሙ ገፋፏት፤ ኒው ዮርክ ወደሚገኘው ጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘች። ለኑሮዋ ታዋቂው ዘፋኝ ፖል ሮብሰን ኮንሰርት አደረገላት፣ የትውልድ ከተማዋ አንድ ሀብታም ነጭ ቤተሰብም ረዳት። እዚያ ፍሎረንስ ኪምቦል የምትባል አስተማሪ አገኘች፤ ከሷ ጋር ለዓመታት ቆየች። ተሰጥኦ ብቻውን ኒው ዮርክ አላደረሳትም ማለታችን ነው። መዝሙር ቤት፣ እናት፣ ኮንሰርት ያዘጋጀ ሰው፣ ጥሩ አስተማሪ፦ ከነዚህ አንዱ ቢጎድል ምናልባት ዛሬ ስሟን አናውቅም ነበር።

በ1952 «ፖርጊ ኤንድ ቤስ» በተባለው ሥራ አውሮፓን ዞረች። በ1955 በአሜሪካ ቴሌቪዥን «ቶስካ»ን ዘፈነች፤ በደቡብ ያሉ አንዳንድ ጣቢያዎች ጥቁር ሴት ዋና ሆና ስለታየች አናስተላልፍም አሉ። በ1957 ሳን ፍራንሲስኮ ኦፔራ ገባች። እዚያ አይዳን ልትዘፍን የነበረችው ጣሊያናዊት በትርፍ አንጀት ታመመችና ቦታውን ፕራይስ ተካች። ከአይዳ ጋር የተገናኙት እንዲህ ነው። በሚቀጥለው ዓመት መሪው ካራያን ወደ ቪየና ጠራት፣ የዘፈነችው አይዳን ነው። ከዚያ ለንደን፣ አይዳ። በ1960 ሚላን ላ ስካላ፣ አይዳ።

አሁን ልብ በሉ። ገና በ1958 የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ጠርቷት ነበር። በአሜሪካ ከዚያ በላይ ቤት የለም። የተጠራችው ደግሞ አይዳን እንድትዘፍን ነው። ማሪያን አንደርሰን በዚያ መድረክ ላይ በብቸኛ ዘፋኝነት የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር የሆነችው በ1955 ነው፣ ሦስት ዓመት ብቻ አለፈው። ማንም ሰው «እሺ» ብሎ ይሮጣል። እሷ እምቢ አለች።

ለምን? የቴሌቪዥን ኦፔራው መሪ የነበረው ፒተር ኸርማን አድለር የመከራት ነገር አለ፦ ትልቅ አርቲስት ልትሆን ነው፣ በዚያ በር ስትገባ እመቤት ሆና እንጂ ባሪያ ሆና መግባት የለባትም የሚል። አይዳ ልዕልት ብትሆንም መድረክ ላይ የምትወጣው ባሪያ ሆና ነው። ጥቁር ሴት ስትመጣ ሁሉም ሰው ወዲያው የሚያስበው ገጸ ባሕርይ እሷ ናት። የመጀመሪያው ቀን የሚቀር ምስል ስለሚሆን ጠበቀች። ቪየናም ሚላንም አይዳን ዘፍናለች እኮ፣ ገጸ ባሕርይዋን ጠልታ አይደለም። በገዛ አገሯ ግን፣ ሚሲሲፒ ባለችበት አገር፣ ነገሩ ሌላ ትርጉም አለው።

ሦስት ዓመት ቆየች። ጃንዋሪ 27 ቀን 1961 ሜትሮፖሊታን ላይ ስትወጣ የ«ኢል ትሮቫቶሬ»ዋ ሌኦኖራ ሆና ነበር፣ የቤተ መንግሥት እመቤት። ያን ምሽት ጣሊያናዊው ፍራንኮ ኮሬሊም ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ መድረክ ላይ ወጣ። ሲያልቅ ጭብጨባው 42 ደቂቃ እንደቆየ ይነገራል። አንድ የኳስ ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በማርች ወር የታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣች። በዚያው የመጀመሪያ ዘመኗ አምስት ገጸ ባሕርያት ዘፈነች፤ አንዷ አይዳ ናት። እንግዲህ አሁን ችግር የለም፣ በሩን ሌላ ሰው ሆና ከፍታዋለች።

በ1966 ሜትሮፖሊታን አሁን ያለበትን አዲስ ሕንፃ ሲመርቅ ለእሷ ድምፅ ተብሎ የተጻፈውን «አንቶኒ ኤንድ ክሊዮፓትራ»ን ዘፈነች። ዝግጅቱ ራሱ አልቀናም። ማሽኖቹ ተበላሹ፣ በልምምድ ላይ መድረኩ ላይ የተሠራው ፒራሚድ ውስጥ ተቆልፎባት ነበር። የግብፅ ነገር ለዘፋኝም አይቀልም ማለት ነው።

ድምፅ እንደ እቁብ አይደለም

ከውጭ ሲታይ ሥራው አውሮፕላን፣ አበባና ቀሚስ ይመስላል። ውስጡ ሌላ ነው። ትልልቅ ቤቶች ዘፋኝ የሚይዙት ከሦስት፣ ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ ድምፅሽ ምን እንደሚሆን ሳታውቂ ትፈርሚያለሽ። ታዋቂዎቹ የሚከፈላቸው በምሽት ነው። ታመምሽ፣ አልዘፈንሽም፣ ክፍያ የለም። ፕራይስ ራሷ በ1961 መጨረሻ ታማ እየዘፈነች ሳለ ድምፅዋ መድረክ ላይ ጠፋባት፣ የክፍሉን መጨረሻ በንግግር አድርሳ ሌላ ሶፕራኖ ተተክታ ጨረሰችው። ከዚያ ለተወሰነ ጊዜ አረፈች።

የጀርመን አገር ስርዓት ለጀማሪ ይሻላል። እዚያ መንግሥት የሚደጉማቸው ወደ ሰማንያ የሚጠጉ የኦፔራ ቤቶች አሉ፣ ወር ደሞዝ ከፍለው ወጣት ዘፋኝ ይቀጥራሉ። የጆርጂያዋ ጄሲ ኖርማን የጀመረችው እንዲህ ነው፤ በ1968 ሙኒክ ላይ ውድድር አሸንፋ በ1969 በርሊን መድረክ ወጣች። በ1972 ላ ስካላ ላይ አይዳን ዘፈነች፣ ገና 26 ዓመቷ ነበር። የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የኦፔራ መድረኩን ትታ ኮንሰርት ብቻ ትዘፍን ጀመር፣ እስከ 1980 ድረስ። ድምፅዋ ትልቅ ነው፣ ገና አልበሰለም፣ ከባድ ሥራ ቶሎ ቢጫንበት ይሰበራል። ስትመለስ ዓለም ሁሉ ጠበቃት፦ በ1983 ሜትሮፖሊታን 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ዘመኑን የከፈተችው እሷ ናት። በ1989 የፈረንሳይ አብዮት 200ኛ ዓመት ላይ ፓሪስ አደባባይ ማርሴዬዙን ዘመረች። በ2019 አረፈች።

ኦፔራ ዘፋኞች ደጋግመው የሚሉት ነገር አለ፦ ከወለዱ ብላ እንጂ ዋናውን አትንካ። ድምፅ እንደ እቁብ ተራህ ሲደርስ ሁሉን አንስተህ የምትሄድበት አይደለም። ድራማቲክ ሶፕራኖ የሚበስለው ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው። በ20 ዓመቱ ቪዲዮው ካልታየለት «አበቃልኝ» ለሚል ሰው፣ እኛንም ጨምሮ፣ ይሄ ትንሽ ይከብዳል።

ፊት የመቀባት ነገር

አይዳ ጥቁር ናት፣ ለብዙ ዘመን የዘፈኗት ግን አብዛኞቹ ነጮች ናቸው። ምን ያደርጋሉ? ፊታቸውን ቡናማ ቀለም ይቀባሉ። ከመቶ ዓመት በላይ ማንም እንደ ችግር አላየውም። ፕራይስ አይዳን ስትዘፍን ቀለም አላስፈለጋትም፤ ለዚህች ገጸ ባሕርይ ቆዳዬ ራሱ አልባሴ ነው የሚል ሐሳብ በቃለ መጠይቆቿ ተናግራለች።

ነገሩ ዛሬም አላበቃም። በ2022 ጣሊያን ቬሮና ላይ አና ኔትሬብኮ አይዳን ፊቷን አጥቁራ ዘፈነች። በዚያው ፌስቲቫል ሌላ ሥራ ልትዘፍን ተዋውላ የነበረችው ጥቁር አሜሪካዊት ኤንጀል ብሉ ይህን አይታ አልመጣም አለች። ቤቱ ዝግጅቱ የ2002 ነው፣ የቆየ አሠራር ነው ብሎ ተከላከለ። ሁለት ዓመት ተኩል አልፎ ዲሴምበር 31 ቀን 2024 ሜትሮፖሊታን አዲስ የ«አይዳ» ዝግጅት ሲከፍት አይዳ ሆና የወጣችው ኤንጀል ብሉ ነበረች።

እኛ እንዲህ እናስባለን። ነጭ አትዝፈናት የሚል ክርክር ውስጥ መግባት አያስፈልግም፤ ድምፁ ያላት ትዝፈን። ቀለሙ ግን ለምን? ታዳሚው አይዳ ኢትዮጵያዊት መሆኗን ከዘፈኑ ይሰማል። ሌላው የሚገርመን ደግሞ በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ቬሮናም ኒው ዮርክም ሲወራ ስሟ የተጠራው አገር ሰው ምን ይላል ብሎ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2000 ኤልተን ጆን ሙዚቃውን የሠራለት የ«አይዳ» ሙዚቃዊ ቲያትር ሲወጣ ልዕልቷን የኑቢያ አደረጓት። የዚያ ቲያትር መነሻ የሆነው የልጆች መጽሐፍ ማን ጻፈው? ራሷ ሊዮንቲን ፕራይስ፣ በ1990።

እንዴት ትሰማላችሁ?

ጃንዋሪ 3 ቀን 1985 ፕራይስ ከኦፔራ መድረክ ተሰናበተች። በሜትሮፖሊታን፣ በቴሌቪዥን ቀጥታ እየተላለፈ። 58 ዓመት ሊሞላት ወር ከሳምንት ቀርቷታል። ለመግቢያዋ እምቢ ያለችውን ገጸ ባሕርይ ለመውጫዋ መረጠቻት፦ አይዳን።

ቪዲዮው ስልካችሁ ላይ ይገኛል። በዘፋኟ ስም፣ በ«አይዳ» እና በ1985 ፈልጉት። ሙሉው ረጅም ነው፣ ፓኬጅ ይበላል፤ ስለዚህ «ኦ ፓትሪያ ሚያ»ን ብቻ ክፈቱ። ወደ ሰባት ደቂቃ ነው፣ ጭብጨባውን ሳይጨምር። ኢርፎን አድርጉ፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ ወፍራሙን የታችኛውን ድምፅ ይውጠዋል፣ የሚቀረው ቀጭን ጩኸት ብቻ ስለሚሆን ኦፔራ የማይወዱ ሰዎች ግማሹ የጠሉት በዚህ ይመስለናል። ጣሊያንኛ አለመስማታችሁ አያስጨንቃችሁ። ሴትዮዋ ወንዝ ዳር ቆማ የአገሯን ሰማይ፣ ሸለቆና ነፋስ እየጠራች ነው። ከማለቁ ትንሽ ቀደም ብሎ ድምፁ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ያቺ የነገርናችሁ ቃና መጣች ማለት ነው።

ከዚያ ጭብጨባው ይነሳል። ደቂቃዎች ይፈጃል። ፕራይስ ግን እጅ አትነሳም፣ ቦታዋንም አትለቅም። ታሪኩ ገና ስላላለቀ አይዳ ሆና እንደቆመች ትጠብቃለች፤ ፊቷ ላይ የሚሆነውን ተመልከቱ።

አይዳ የምትባል ጓደኛ ያላችሁ ከሥር ታግ አድርጉልን። ስሙን ማን እንዳወጣላትም ጠይቋትና ጻፉልን።